ሁለተኛው ዓይን

በያጁ ከዓይን ሐኪሙ ክፍል ሲወጣ በሩን ከኋላው መዝጋት አቃተው። ሃያ ዓመት ሙሉ ብረት እየበየደ የሰው በር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እጀታውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ያዘ። በመጨረሻ ሚስቱ የአራት ወር ጨቅላዋን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች በሌላው እጇ ስባ ዘጋችለትና ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

ዶክተሩ ነገር የሚያሽሞነሙኑ ሰው አልነበሩም። የእነ በያጁ ሴት ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ቀኝ ዓይኗ በካንሰር ምክንያት ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ግራውም ላይ ያው በሽታ ስለነበረ እሱን እንኳ ለማትረፍ ብለው አምስት ወር መድኃኒት ሲሰጧት ቆዩ። «አልያዘልንም» አሉ ዶክተሩ። «እብጠቱ ወደ ነርቩ እየተጠጋ ነው። በነርቩ በኩል ወደ አንጎሏ ከገባ ልጅቷን እናጣታለን። ዓርብ ይውጣ።» ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ሚስቱ የጨቅላውን መጠቅለያ አስተካከለች። ከዚያ «ማን ይነግራታል?» አለች።

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለህ?»

በያጁ መሬት መሬቱን አየ። «ፎቶ ትነሻለሽ እንላታለና» አለ። «እንዳለፈው።»

«እንዳለፈው» አለች ሚስቱ፣ ጥያቄም ስድብም በሚመስል ድምፅ።

ያለፈው እንዲህ ነበር። ልጅቷ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። መራመድ የማይሆንላት፣ ስትዘል የምትውል ልጅ ናትና ቤተሰቡ ፌንጣ ይላታል። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አባቷ ጀርባ። በሌላ ሆስፒታል ቀኝ ዓይኗ እንዲወጣ ሲወሰን አክስቷ፣ የበያጁ ታላቅ እህት፣ «ልጅ ምን ያውቃል? ለምን ቀድማ ትሸበር? አታልላችሁ አስገቧት፤ ስትነቃ ያለቀ ነገር ነው» ብላ መከረች። ምክሩ ለበያጁ ጣመው። «የዓይንሽን ፎቶ ሊያነሱሽ ነው፤ ብልጭ ይልና ያልቃል» አላት እየሳቀ። ፌንጣ እናቷን ለፎቶው ፀጉሬን አበጥሪልኝ ብላ፣ ተበጥራ፣ በራሷ እግር እየዘለለች ገባች።

ፋሻው በተፈታ ቀን አላለቀሰችም። በያጁን የገደለው ይኸው ነው። እጇን ሰድዳ ጎድጓዳውን ዳሰሰችው፣ አባቷን አየችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ አባዬ ብላው አታውቅም። ውጭ እየዘነበ ነው ቢላት ወደ እናቷ ዞራ «እውነቱን ነው?» ትላለች። ውሃ ቢሰጣት መጀመሪያ ታሸተዋለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የበያጁ ውሸት ግን እያደር የሚከብድ ሆነና ዓመቱን ሙሉ አጎበጠው።

ታዲያ ይሄን ሁሉ እያወቀ ለምን ሊደግመው አሰበ ቢሉ፣ ሌላ መንገድ ስለማያውቅ ነው። ፈሪ ሰው ከማያውቀው ሜዳ ይልቅ አንድ ጊዜ የወደቀበትን ጉድጓድ ይመርጣል።

በዚህኛው ሆስፒታል የልጆች ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ነርስ ናት፤ ነገር ግን መርፌ ስትወጋ ያያት የለም። ሥራዋ ልጆችንና ወላጆችን ለሕክምና ማዘጋጀት ነው። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀውን ልጅ ቀድማ ታገኘውና በጨርቅ አሻንጉሊት እያሳየች ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚነካው፣ የቱ ጋ እንደሚያመው ትነግረዋለች። ልጆቹ «የአሻንጉሊት ሲስተር» ይሏታል። ሐኪሞቹ «እኛ ስንቆርጥ እንውላለን፣ እሷ ስትጫወት ትውላለች» እያሉ ይቀልዱባታል፤ የገዛ ልጃቸው ሲታመም ግን መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሷ ነው።

ሲስተር ማክሰኞ ዕለቱን ባልና ሚስቱን ወደ ክፍሏ ወሰደቻቸው። ጠባብ ክፍል ነው። ወንበሮቹ ለልጅ የተሠሩ ስለሆኑ በያጁ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። መደርደሪያው ላይ የማደንዘዣ ጭንብል፣ መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ ጥቅል ፋሻና የልብስ ቁልፍ ዓይን ሆኖ የተሰፋላቸው ነጫጭ የጨርቅ አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል።

«የፌንጣ አባት፣ ለልጅዎ ምን ሊነግሯት አስበዋል?» አለችው።

«ምንም። ማወቅ የለባትም።»

«ዓርብ ስትነቃስ?»

«ያኔ ያኔ ነው።»

«ባለፈው ስትነቃ ቢያንስ የእርስዎን ፊት አይታለች» አለች ሲስተር። «አሁን ስትነቃ ጨለማ ነው የሚጠብቃት። ጨለማው ውስጥ የሚቀራት የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ያንን ድምፅ ካላመነችው ምን ይዛ ትኖራለች?»

በያጁ ተቆጣ። መልስ ያጣ ሰው መቆጣቱ አይቀርም። «ሲስተር፣ ልጅ አለሽ?»

«ሁለት አሉኝ።»

«ዓይናቸው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያስ አትምከሪኝ።»

«አንተ!» አለች ሚስቱ አፍራ።

ሲስተር አልተቀየመችም። «ልክ ነዎት፣ የእርስዎን ቦታ አላውቀውም» አለች። «የማውቀው ተነግሯቸው የገቡና ሳይነገራቸው የገቡ ልጆችን ነው። ሁለቱም ያለቅሳሉ። ሳይነገራቸው የገቡት ግን የሚያለቅሱት ለብቻቸው ነው።» ከዚያ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄ በሽታ ከምን የመጣ ይመስልዎታል?» አለችው።

በያጁ የጫማውን ጫፍ እያየ «ከእኔ» አለ።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«ወርክሾፕ ትመጣብኝ ነበር» አለ። «ስበይድ ብልጭታውን ትወደዋለች። ዞር በይ እላታለሁ፣ ትዞራለች፣ መልሳ ታጮልቃለች። አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ሳላባርራት ቀረሁ። ቆማ አየች፤ እየሳቀች ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ ብላ አለቀሰች። እኔ ጭንብል ነበረኝ፣ እሷ አልነበራትም። ዓይኗን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ይሄን ነገር ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ለሚስቱም አልነገራት። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሁለት ዓመት ይዞት ኖሯል።

«የብየዳ ብርሃን ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ያስለቅሳል። ይሄን በሽታ ግን አያመጣም» አለች ሲስተር። «ይሄ ገና እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች የጀመረ ነው። ካላመኑኝ አሁኑኑ ዶክተሩ ዘንድ እንሂድና ይጠይቋቸው።» በያጁ ትንፋሹን ሳያወጣው በፊት ደግሞ ቀጠለች፦ «ግማሹን ነግሬ ግማሹን መደበቅ አልችልም። በሁለቱም ዓይን ሲመጣ በዘር ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሕፃኑም መታየት አለበት።»

እናትየዋ ጨቅላውን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው፤ ከእጇ ሊነጥቁት የመጡ ይመስል። ሲስተር የሰውዬውን አንድ ሸክም አውርዳ ሌላ ጫነችበት።

ዶክተሩ ስለ ብየዳው ሲጠየቁ ያሉት ያንኑ ነው። ሕፃኑንም ከሰዓት በኋላ ዓይኑን በጠብታ ከፍተው አዩትና ምንም አላገኙም። «ለጊዜው» የሚል ቃል ግን ጨመሩበት፤ ወር በወር ይምጣ አሉ። ሚስቱ ያቺን «ለጊዜው» ይዛ ስታለቅስ አመሸች።

«ማነው የሚነግራት ታዲያ?» አለ በያጁ ወደ ሲስተር ክፍል ተመልሶ።

«እርስዎ።»

«እኔማ አልችልም።»

«የዋሿት እርስዎ ነዎታ። እኔ ብነግራት፣ ሲስተር እውነተኛ ናት፣ አባቴ ያው ውሸታም ነው ብላ ትቀራለች።» ከዚያ ቃሉን አስጠናችው። በሽታው ይሄኛውም ዓይንሽ ውስጥ አለ። ዓርብ ዶክተሩ ያወጡታል። ከዚያ በኋላ ማየት አትችዪም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እኛ አብረንሽ ነን። በያጁ እንደ ተማሪ ልጅ ሦስት ጊዜ አለው። ሦስተኛው ላይ «አትችዪም» የምትለዋን ቃል ዘለላት።

ረቡዕ ጠዋት እህቱ ደወለች። ወሬው ከሚስቱ ሳይሆን አይቀርም የደረሳት። «አብደሃል?» አለችው። «ለስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራታል? ልቧ ቀጥ ቢልስ? ያቺ ነርስ የራሷ ልጅ ቢሆን ታደርገው ነበር?» በያጁ እሺም እምቢም ሳይል ስልኩን ዘጋ። ሐሞቱ ግን ያኔውኑ ፈሷል።

ፌንጣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳኖች በቀለም በቀለም ትለያለች። የቀራት ዓይን የሚያየው ቅርብ ቅርቡን ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን ክዳን አፍንጫዋ ሥር እያመጣች ነው። ክዳኖቹን ጠዋት መድኃኒት የምታድለው ነርስ ናት የምትሰበስብላት፤ ቀዩ ሲበዛ ሰማያዊው ጎድሎባታል። እናቷ ከግርጌ በኩል ቆማለች። በያጁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«በሽታው…» አለ።

ፌንጣ ቀና አለች። ያቺ ዓይን፣ መሃሏ ላይ ነጣ ያለ ነገር ያለባት፣ ፊቱ ላይ አረፈች። ያጠናቸው አምስት ዓረፍተ ነገሮች በአንዴ ጠፉበት። ከዚያ የሌላ ሰው ድምፅ እንደሚሰማ ሁሉ የራሱን ድምፅ ሰማው፦

«ዓርብ… ፎቶ ትነሻለሽ።»

ፌንጣ ክዳኑን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ እጇን አነሳችና ግራ ዓይኗን ሸፈነችው።

«ይሄኛውንም?» አለች።

ለካ ፎቶ የሚባለው ምን እንደሆነ ካወቀች ዓመት ሆኗታል። እናቷን «እውነቱን ነው?» ብላ እንኳ አልጠየቀችም። በያጁ መልሱን መስጠት ሲገባው ተነስቶ ወጣ። ወጣ ማለት ያሳንሰዋል፤ ሸሸ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወርዶ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ጭንቅላቱን ደቅኖ ውሃውን ለቀቀው፣ አንገቱ እስኪደነዝዝ።

ሲመለስ አልጋው ባዶ ነው። ሚስቱ ሲስተርን ልትጠራ ለአንድ አፍታ ዞር ብላ ነበር። ያቺ አፍታ ለፌንጣ በቅታታለች።

ጉድ ፈላ። ነርሶቹ መጸዳጃ ቤቱን አዩ፣ ዘበኛው የውጭውን በር ዘጋ፣ ሌሎች እናቶች አልጋ ሥር አልጋ ሥር ጎነበሱ። በያጁ የደረጃውን መከታ ብረት ይዞ ወደ ታች አየ፤ ስንት እንዲህ ያለ መከታ በእጁ ሠርቷል፣ በመሃሉ የልጅ ገላ ያልፍ እንደሆነ አስቦበት አያውቅም። ግማሽ ሰዓት ሞላ። በመጨረሻ ልብስ አጣቢዋ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች መጣችና «እናንተ፣ ከአንሶላ ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር አለ። አይጥ ከሆነ ትልቅ አይጥ ነው» አለች።

የንጹሕ አንሶላ ማስቀመጫው መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነው። ፌንጣ የታችኛው መደርደሪያና ግድግዳው መሃል፣ ከታሰሩት አንሶላዎች ኋላ ተወትፋለች። እናቷ ዘልላ ልትገባ ስትል ሲስተር ክንዷን ያዘቻት። ወደ በያጁ ዞረችና «ይግቡ» አለችው። «ያስጠናሁዎትን ይተዉት። እውነቱን ብቻ።»

በያጁ በሆዱ ተኝቶ ገባ። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ እስከ ግማሹ ድረስ ገብቶ ቀረ። ከፊቱ ትንሽ ትንፋሽ ይሰማል።

«ሂድ» አለች ፌንጣ።

«አልሄድም።»

«ውሸታም።»

«አዎ» አለ። «ዋሽቼሻለሁ። ያኔም ዋሸሁ፣ ዛሬም ዋሸሁ።»

ትንፋሹ ቆመና እንደገና ቀጠለ። «ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ምንን?»

«አንቺን። ታለቅሺብኛለሽ ብዬ።»

«አላለቀስኩም።»

«አላለቀስሽም። ብታለቅሺ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ ነገራት። እንደ ተማረው ሳይሆን እንደ መጣለት፣ እየተደናቀፈ ነገራት። ፌንጣ አዳመጠችና መጠየቅ ጀመረች፣ አንድ በአንድ።

«ሁሉንም ነው የሚያወጡት?»

«ሁሉንም።»

«ተመልሶ ይበቅላል? እንደ ጥርስ?»

«አይበቅልም። እንደ ጥርስ አይደለም።»

«መብራት ቢበራስ?»

«መብራት ቢበራም አታዪም።»

«እማዬንም?»

«እማዬንም።»

«ሕፃኑ ሲያድግስ?»

«ድምፁን ትሰሚያለሽ። በእጅሽ ትነኪዋለሽ። አታዪውም።»

«እኔ ካልፈለግኩስ? ባይወጣስ?»

በያጁ ግንባሩን መሬቱ ላይ ደገፈ። ሲስተር ይሄኛውን አላስጠናችውም ነበር። ወደ ኋላ ዞር ብሎ እንዳይጠይቃት ደግሞ መደርደሪያው ይዞታል።

«ትሞቻለሽ» አለ።

መጀመሪያ ጡጫዋ መጣ፣ ከዚያ እግሯ። ፊቱን መታችው፣ ጆሮውን ቧጨረችው፣ እጁን ሲዘረጋላት ነከሰችው። ጥርሷ አውራ ጣቱ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ነከሰችው፣ እሱም አልሰበሰበም። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችው ለቅሶ ወጣ። ውጭ ያሉት ሁሉ ሰሙት። እናቷ ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተችና መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ልብስ አጣቢዋ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ሲስተርም ብትሆን ይሄን ሥራ ስንት ዓመት ስትሠራ ምራቋን የዋጠች ሴት ናት፤ ግን ፊቷን ወደ በሩ መቃን አዙራ ነበር።

ሐሙስ የዝግጅቱ ቀን ሆነ። ጠዋት እናትየዋ ልጅቷን መስኮት ለመስኮት ይዛት ስትዞር ሲስተር አገኘቻቸው። ሴትየዋ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ዓይኗ ደም ለብሷል። «ያ ዛፍ ይታይሻል? ያቺ ወፍ? እያት፣ እያት፣ ክንፏን እይ» ትላለች። በአንድ ቀን ውስጥ ዓለምን በሙሉ ልታሳያት ነው። ፌንጣ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ «አረንጓዴ ነው» አለች። ከዚያ «እማዬ፣ ተይኝ በቃ። ደከመኝ» አለች። እናቷ እጇን ለቀቀቻትና እዚያው መስኮቱ ላይ ተደግፋ ቀረች።

ሲስተር ክፍል ውስጥ ፌንጣ አንድ አሻንጉሊት መረጠች። የቀኝ ዓይኑን ቁልፍ ራሷ ቆርጣ ጣለችው፣ ሳትጠየቅ። ግራው ጋ ስትደርስ መቀሱን ለአባቷ ዘረጋች።

«አንተ ቁረጠው።»

በያጁ ወደ ሲስተር አየ። ብረት ሲቆርጥ የማይንቀጠቀጥ እጅ አንድ ክር ለመቁረጥ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ቁልፉ ወድቆ መደርደሪያው ሥር ተንከባለለ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ አልፈለገውም።

ከዚያ ሲስተር ጭንብሉን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ መተንፈስ አስተማረቻት። ስትነቃ የሚሆነውንም ነገረቻት፦ ፋሻ ይኖራል፣ ፊትሽ ይከብድሻል፣ ያቅለሸልሽሻል፣ ያምሻል፤ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት እንሰጥሻለን፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም። ዓይኗን በፋሻ ሸፍነውላት ኩባያ በመዳሰስ ፈለገች፣ በሩን ፈለገች፣ የእናቷን እጅ ፈለገች። ኩባያውን ደፋችው። በሩን በግንባሯ አገኘችው።

«ስትነቂ እንዴት እንድንሆንልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት ሲስተር። «አንቺ ነሽ የምታዢን።»

ፌንጣ አሰበችበት። «እማዬ በቀኝ ትሁን። ማንም ማን እንደሆነ ሳይናገር እንዳይነካኝ። ደግሞ አይዞሽ እንዳትሉኝ።»

«ለምን?»

«ሰው አይዞሽ ሲለኝ ከዚያ ቀጥሎ ያመኛል።»

ሲስተር ሳቀች፣ እናትየዋ እንኳ ፈገግ አለች። በያጁ ግን ቃሉን በልቡ ያዘው። አይዞሽ ማለት ሲከለከል ሌላ ምን እንደሚባል አያውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት አባት እስክትደነዝዝ ድረስ አብሯት እንዲገባ ተፈቀደለት። አረንጓዴ ካባና ቆብ አለበሱት። ፌንጣ በእግሯ ሄደች። ግን አልዘለለችም፤ ወለሉን በጫማዋ እየጠረገች ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ራሷ ወጣች። የማደንዘዣ ባለሙያው ስሙንና ሥራውን ነግሯት፣ ጭንብሉን አሳይቷት፣ «እሺ ስትዪኝ ነው የማስቀምጠው» አላት። በያጁ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ፊቷ አቀረበ፣ እንድታየው። በደንብ እንድታየው ፈልጎ ነበር።

ፌንጣ የካባውን አንገት ይዛ ዓይኗን አስጠጋች። «ገልብጠህ ነው የለበስከው» አለች።

በያጁ ወደ ደረቱ አየ። እውነቷን ነው፣ ስፌቱ ውጭ ነው። «እሺ» የሚል ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል ጭንብሉ ፊቷ ላይ ነበር፣ ዓይኗም ተከድኗል። ያቺ ዓይን ለመጨረሻ ጊዜ ስታየው እሱ ስፌት እያየ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ያለ ችግር አለቀ። ችግሩ ስትነቃ ነው። ፌንጣ የተለማመደችውን ሁሉ ረሳችው። «ፍቱልኝ፣ አውልቁልኝ» እያለች ፋሻውን በጥፍሯ ጎተተች። እናቷ በቀኝ ቆማለች፣ ነርሶቹ ማን እንደሆኑ እየተናገሩ ነው፣ አይዞሽ ያላት የለም። ምንም አልጠቀመም። ሁለት ሰው እጇን ያዘ። በያጁ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ሲስተርን አገኛት።

«አዘጋጀናት አላልሽም?» አለ። «ይሄ ነው መዘጋጀት? ይሄው ነው?»

«እንዳታለቅስ አይደለም ያዘጋጀናት» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። «ምን ደረሰብኝ ብላ እንዳትጠይቅ ነው። አንዳንድ ቀን ይሄ የሚበቃ አይመስለኝም፣ አልዋሽዎትም። ግን ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።»

በያጁ ሌላ ስድብ አዘጋጅቶ ነበር። አየት ሲያደርጋት እጇ ላይ ያ ዓይን የሌለው አሻንጉሊት አለ። ስድቡን ዋጠውና ተመልሶ ገባ።

«እኔ ነኝ፣ አባትሽ» አለ። «በግራ በኩል ቆሜያለሁ። እጅሽን የያዘችው ነርሷ ናት። ዓይንሽ ወጥቷል። ፋሻው ነው የሚከብድሽ። አሁን ቀን ነው፣ ሰባት ሰዓት ነው።» ፌንጣ «ዝም በል» አለችው። ዝም አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ደገመው። እንዲህ እያለ ድምፁ እስኪሰልል ቀጠለ። አሥር ሰዓት ላይ ልጅቷ ጸጥ አለች። ሰምታው ይሁን ደክሟት፣ ማንም አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ብዙ ጊዜ አትናገርም ነበር። ምግብ ሲሰጧት ትገፋለች። አክስቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ድምጿን ሰምታ አንሶላ ትከናነባለች። በዘጠነኛው ቀን ዶክተሩ ውጤቱን ይዘው መጡ፦ በሽታው ወደ ነርቩ አልገባም፣ ነርቩ ንጹሕ ነው፣ ልጅቷ ትኖራለች። እናትየዋ ተንበርክካ አለቀሰች። በያጁ ግን ደስታና ሐዘን በአንድ በር እየተጋፉ ሲመጡበት የትኛውን ቀድሞ እንደሚያስገባ ሳያውቅ ቀረ። «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን» አለ፤ ቃሉ እንደ እንጨት ደረቀበት።

በማግሥቱ ከሆስፒታል ወጡ። እናትየዋ ሕፃኑን ይዛ ታክሲ ውስጥ ቀድማ ገባች። በያጁ ፌንጣን ሊሸከማት ሲል ሰውነቷን አገተረች። «በእግሬ» አለች። ሰው በሦስት ደቂቃ የሚጨርሰውን ኮሪደርና ደረጃ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች በሃያ ደቂቃ ጨረሰችው። ደጃፉ ጋ ሲደርሱ የመኪናው ጥሩምባ፣ የሰው ጫጫታ፣ የሞተር ድምፅ በአንዴ መጣባት። ባለችበት ቁጭ አለች፣ መሬቱ ላይ።

በያጁም አጠገቧ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ መንገድ ዘጋችሁ እኮ» አለ ዘበኛው።

«ትንሽ ይታገሡን።»

ፌንጣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆየችና «ብዙ ሰው አለ?» አለች።

«ብዙ ነው።»

«እያዩኝ ነው?»

በያጁ ዙሪያውን አየ። አንዲት ሴት ቆም ብላ እያየች ከንፈሯን ትመጥጣለች። ሁለት ወጣቶች ዞረው ዞረው ያያሉ። አይ፣ ማንም አያይሽም የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ።

«አዎ፣ እያዩሽ ነው» አለ።

ፌንጣ ፊቷን ጉልበቷ መሃል ቀበረች። ታክሲው ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፣ ሕፃኑ ውስጥ ሆኖ ማልቀስ ጀመረ። በያጁ ተነሽ አላላትም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ እጇ ወደ ጎን ተዘረጋ፣ አየሩን ፈለገ፣ ሸሚዙን አገኘ፣ እጅጌውን ጨምድዶ ያዘ። እጁን ሲሰጣት አልተቀበለችውም። እጅጌውን እንደ ጨመደደች ተነሳች፣ እንደዚያው ሆነው ወደ ታክሲው ሄዱ።